ከሸዋ ሮቢት እስከ ጦር ሰፈር፦ የአሜሪካ መንግሥት ተቋራጮች የሚገቡት መድን

ከሰሜን ሸዋ ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የሚሄድ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ የሚቀጠረው በሰው ቤት ነው። የእሱ ጉዳይ በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ይታያል። ዕድል ቀንቶት እዚያ ባለ የአሜሪካ ጦር ሰፈር ውስጥ በወጥ ቤት፣ በጥበቃ ወይም በጽዳት የሚቀጠር ግን ሌላ ሕግ ይመለከተዋል። ስሙ ዲፌንስ ቤዝ አክት ነው።

አሜሪካ ይህን ሕግ ያወጣችው በ1933 ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያን ከሸዋ በወጣበት በዚያው ዓመት። ከመንግሥት ጋር ተዋውሎ ከአሜሪካ ውጭ ሰው የሚያሠራ ተቋራጭ ለሠራተኞቹ የጉዳት መድን እንዲገባ ያስገድዳል። ሕጉ ፓስፖርት አያይም። የሸዋ ሮቢት ልጅም የቴክሳስ ልጅም እኩል ይሸፈናሉ። ከዋናው ተቋራጭ ሥራ የተቀበለ ንዑስ ተቋራጭ መድን ካልገባ ዕዳው ወደ ዋናው ተቋራጭ ይዞራል። አረቦኑን፣ ማለትም የመድኑን ክፍያ፣ የሚከፍለው አሠሪው ነው፤ ከሠራተኛ ደመወዝ መቁረጥ ክልክል ነው። ያለ መድን የሚያሠራ እስከ 10,000 ዶላር መቀጮና እስከ አንድ ዓመት እስራት ይጠብቀዋል። ኩባንያ ከሆነ ደግሞ ፕሬዚዳንቱ፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ በግላቸው ይጠየቃሉ። ጥርስ ያለው ሕግ ነው።

የተጎዳ ሰው የሕክምና ወጪው ይሸፈናል። ጨርሶ መሥራት ካቃተው ከአማካይ ሳምንታዊ ደመወዙ ሁለት ሦስተኛውን ያገኛል። ጉዳቱ የግድ ሥራ ላይ እያለ መድረስ የለበትም። በ1951 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያየው ጉዳይ ጉዋም ደሴት ላይ የደረሰ ነበር። ሠራተኛው ከሰዓቱን በመዝናኛ ቦታ አሳልፎ፣ ሰው ላድን ብሎ ሲዋኝ ሰመጠ። ፍርድ ቤቱ ሥራው ያመጣው አደጋ ሊባል ይችላል ብሎ ለእናቱ የተወሰነውን ካሳ አጸና።

ሞት ሲመጣ ነገሩ ይከብዳል። ከአሜሪካ ውጭ የሚኖር ቤተሰብ ካሳ የሚያገኘው በቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ ሚስትና ልጆች። እነሱ ከሌሉ አባት ወይም እናት፣ ያውም ሟቹ ከጉዳቱ በፊት ባለው አንድ ዓመት ይረዳቸው ከነበረ። እህትና ወንድም የሉበትም። በእኛ አገር እህቱን የሚያስተምር፣ ታናሹን የሚያሳድግ ስንት ልጅ እንዳለ ለሚያውቅ ይህ ይቆረቁራል። ከዚህ የባሰው ደግሞ የመድን ድርጅቱ ከጠየቀ የወደፊቱ ክፍያ ተጠቃሎ በአንዴ ሊሰጥ መቻሉ ነው፤ ያውም ግማሹ ብቻ። የአሜሪካ ነዋሪ ቤተሰብ ይህ አይደርስበትም። ፓስፖርት ያላየው ሕግ እዚህ ላይ ያያል።

ስለዚህ ወረቀት ዋጋ አለው። በሽማግሌ ተጋብቶ ወሳኝ ኩነት ያልተመዘገበ ሰው፣ ሚስቱ ሚስት መሆኗን ማስረዳት ፈተና ይሆንባታል። ለመንዝ እናት ደግሞ የሐዋላ ደረሰኝ ትልቅ ማስረጃ ነው። ደረሰኙን ብር ተቀብሎ መጣል ልማድ ነው፤ ባይጣል ይሻላል።

ጉዳት ለአሠሪው በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይነገራል። የካሳ ጥያቄ በጥቅሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ለአሜሪካ ሠራተኛ ሚኒስቴር ይቀርባል። ተጎጂው ኤልኤስ-203፣ የሟች ቤተሰብ ኤልኤስ-262 የሚባል ቅጽ ይሞላል።

ደብረ ብርሃን ተቀምጦ በአሜሪካ ውል የሚሠራ ኢትዮጵያዊስ? የአሜሪካው ሚኒስቴር ለአገሬው ሠራተኛ የመድኑን ግዴታ ሊያነሳ ይችላል፤ የአገሩ ሕግ ካሳ የሚሰጠው ከሆነ። ያን ጊዜ የሚሠራው የእኛው አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ይህ አዋጅ ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ መሥራት ላልቻለ ሰው የአምስት ዓመት ደመወዝ ያስከፍላል።

«ካሳውን አስጨርስላችኋለሁ፣ ድርሻዬን ስጡኝ» የሚል ደላላ ከመጣ አንድ ነገር ይታወቅ። በአሜሪካው ሕግ ያልጸደቀ የውክልና ክፍያ መቀበል ራሱ ወንጀል ነው፤ ጠበቃም ቢሆን።