አንድ ክፍል፣ አንድ ቀለም፦ የሚባለውና እውነታው

ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ በሩን፣ ዞኮሎውን (ግድግዳው ከወለሉ ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ) ሁሉ በአንድ ቀለም መቀባት ብዙ ሰው ያስፈራዋል። ከሚወራው ውስጥ ግን ትክክሉ ጥቂት ነው።

«ድፍን ያለ ነገር ይሆናል፣ ይሰለቻል»

ቀለሙ አንድ ቢሆንም ብርሃኑ አንድ አይደለም። ከመስኮቱ ትይዩ ያለው ግድግዳ ይፈካል፣ መስኮቱ ያለበት ግድግዳ ራሱ ጠቆር ይላል። ማዕዘን ላይ ሁለቱ ግድግዳዎች እርስ በርስ ስለሚንጸባረቁ ቀለሙ ይበረታል። ጣሪያው ደግሞ ብርሃኑን የሚያገኘው ባብዛኛው ከወለሉ ነጥሮ ነው፤ የወለሉን መልክ ትንሽ ይወስዳል።

«ጣሪያ ነጭ ካልሆነ ክፍሉ ይጫናል»

እኔ ብዙ ጊዜ የማየው ተቃራኒውን ነው። ግድግዳው ጠቆር ብሎ ጣሪያው ነጭ ሲሆን መጋጠሚያው ላይ ቁልጭ ያለ መስመር ይወጣል። ዓይን እዚያ ላይ ይቆማል፤ ጣሪያው ምን ያህል ዝቅ እንዳለም ያኔ ይታወቃል። ቀለሙ ወደ ላይ ሲቀጥል መስመሩ ይደበዝዛል። በግድግዳው ላይ የሚሄድ ቱቦ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ መሸፈኛ ወይም ጠማማ የበር ፍሬም ካለም አብሮ ይዋጣል። ለዚህ ብቻ እንኳ ያዋጣል ባይ ነኝ።

«ጠባብ ክፍል ጠቆር ያለ ቀለም አይችልም»

ግማሽ እውነት ነው። ጠቆር ያለ ቀለም ብርሃን ይውጣል። አንዳንድ የቀለም ካታሎግ ላይ ከ0 እስከ 100 የሚሄድ የብርሃን ነጸብራቅ ቁጥር አለ፤ ወደ 0 በቀረበ ቁጥር ተጨማሪ አምፖል አስቡ። መኝታ ቤት ከሆነ ግን ጨለም ማለቱ ምን ችግር አለው?

«አንድ ቀለም ከሆነ አንዱ ጣሳ ለሁሉም ይሆናል»

ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። መልኩ አንድ ይሁን እንጂ ዓይነቱ ይለያያል። ለግድግዳና ለጣሪያ የማያብለጨልጭ፣ ማት የሚባለው ይሻላል፤ የስቱኮ እብጠትና የጥገና ምልክት ይደብቃል። በር ግን ቀኑን ሙሉ በእጅ ይነካል። ማት ከቀባችሁት እጀታው አካባቢ ይቆሽሻል፣ ሲታሸት ደግሞ ቦታው ላይ ያብለጨልጫል። ለበር የሚታጠብ ሳቲን፣ ማለትም ለስለስ ያለ አብለጭላጭነት ያለውን፣ ውሰዱ። በሩ ቀድሞ የዘይት ቀለም ከተቀባ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉትና ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ ማያያዣ) ስጡት፤ አለዚያ የደረባችሁበት ፕላስቲክ ቀለም በጥፍር ይላጣል። ሁሉን ነጭ ለማድረግ በሩን በዘይት ቀለም የምትቀቡ ደግሞ ይህን እወቁ፦ የዘይት ነጭ፣ በተለይ ብርሃን በማያገኝበት ቦታ፣ እያደር ወደ ቢጫ ይሄዳል።

«ካታሎጉ ላይ አይቼዋለሁ፣ ይበቃል»

አይበቃም። ትንሿ ናሙና ላይ ለስላሳ የመሰለው፣ ግድግዳ ሙሉ ሲሆን ይጠነክራል። ትልቅ ካርቶን ሁለት ዙር ቀቡና ከግድግዳ ግድግዳ እያዞራችሁ ጠዋትም፣ ማታ መብራት በርቶም እዩት። 2700 ኬልቪን (የብርሃን መልክ መለኪያ ነው) የሆነው ቢጫማ አምፖል ቀን ላይ ያያችሁትን ግራጫ ሌላ ያደርገዋል።

ቀለሙ ተበጥብጦ የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ጣሳዎቹን ሁሉ በአንድ ትልቅ ባልዲ ደባልቁ። በተለያየ ጊዜ የተበጠበጠ ቀለም ትንሽ ልዩነት አያጣውም፣ እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ደግሞ የሚደበቅበት የለም።