መነጽር፣ እንግሊዝኛ፣ ዲግሪ፦ ስለ ፓይለትነት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የፓይለት ሥልጠና ማስታወቂያ በወጣ ሰሞን ሰፈሩ ሁሉ የአቪዬሽን አማካሪ ይሆናል። «አንተ መነጽር ታደርጋለህ፣ አትድከም»፣ «እንግሊዝኛህ ይጎትታል»፣ «ዲግሪ ሳትይዝ ማን ያስገባሃል?» አብዛኛው ወሬ ግማሽ እውነት አለው፤ አሳሳች የሚያደርገውም ይኸው ነው። ሁለት በሮችን አንድ አድርጎ ያያል። አንዱ ፈቃድ የሚሰጠው መንግሥት በር ነው። እዚህ አገር የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን፣ አሜሪካ ደግሞ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደሩ (ኤፍኤኤ) ይጠብቁታል፤ የጋራ መሠረታቸው የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (ኢካኦ) ስለ ፈቃድ አሰጣጥ ያወጣው አባሪ 1 ነው። ሌላው የቀጣሪው በር ነው። አየር መንገዱ ከሕጉ በላይ ቁመት፣ ውጤት ወይም ዕድሜ ሊጠይቅ ይችላል፤ ያ ግን የእሱ መመዘኛ እንጂ የሙያው ሕግ አይደለም። ለምሳሌ በአባሪ 1 ውስጥ ለቁመት የተቀመጠ ሴንቲ ሜትር የለም።

«መነጽር ያደረገ ሰው ፓይለት መሆን አይችልም»

ከሁሉም በላይ የብዙ ልጆችን ልብ የሰበረው ይህ ነው። ለንግድ አብራሪነት የሚያስፈልገው አንደኛ ክፍል የሚባለው የሕክምና ማረጋገጫ ነው። የኢካኦ ደንብ ለዚህ ማረጋገጫ እያንዳንዱ ዓይን ለብቻው 6/9፣ ሁለቱ አብረው ደግሞ 6/6 እንዲያዩ ይጠይቃል። 6/9 ማለት ጤነኛ ዓይን ከ9 ሜትር የሚያነበውን ፊደል አንተ 6 ሜትር ድረስ ቀርበህ ታነበዋለህ ማለት ነው። ዋናው ነገር ከቁጥሩ ቀጥሎ ይመጣል፦ በመነጽርም ይሁን ያለ መነጽር። በመነጽር ያለፈ ሰው ፈቃዱ ላይ «መነጽር አድርጎ ይብረር» የሚል ገደብ ይጻፍበታል፤ ሲበር ሁለተኛ መለዋወጫ መነጽርም በእጁ አቅራቢያ መኖር አለበት። ያለ መነጽር ዕይታው ከ6/60 የከፋ ከሆነ ከዓይን ሐኪም የተሟላ ሪፖርት ይጠየቃል፤ ይህም በየአምስት ዓመቱ ይደገማል። ያም ሆኖ በሩ አልተዘጋም። ኮንታክት ሌንስም ይፈቀዳል፤ ቀለም ያለው ግን አይሆንም። ዓይኑን አረንጓዴ አስመስሎ ኮክፒት ለመግባት ያሰበ ካለ አስቀድሞ ይወቀው።

ወሬው የመጣው በአንድ በኩል ከአየር ኃይል ነው። ተዋጊ ጄት የሚያበሩ ሰዎች ያለ መነጽር የሚያዩበት ልክ ለረጅም ዘመን ጥብቅ ሆኖ ኖሯል። በሌላ በኩል አንዳንድ አየር መንገዶች ለጀማሪ ሠልጣኝ ከሕጉ የጠበቀ መስፈርት ያወጣሉ። ነገሩን በቀላሉ ለማመዛዘን የአርባ አምስት ዓመት ሰው ጋዜጣ ሲያነብ ማየት ይበቃል። መነጽር ክልክል ቢሆን ኖሮ ብዙ ልምድ ያላቸው ካፒቴኖች ሁሉ ቤት በዋሉ ነበር።

«ቀለም መለየት ለጌጥ ነው፤ ዛሬ ሁሉንም ኮምፒዩተር ይሠራዋል»

ይህኛው በተቃራኒው ነገሩን አቅልሎ ያየዋል። በነጠብጣብ ክቦች መካከል ቁጥር የሚፈለግበት የኢሺሃራ ምርመራ ብዙዎችን ያስደነግጣል፤ እሱን ያላለፈ ሰው ሌላ ፈተና የሚያገኝበት መንገድ ስላለ ወዲያው ተስፋ አይቁረጥ። ቀለሙ ግን ሥራ አለው። የአውሮፕላን ግራ ክንፍ ጫፍ ቀይ፣ ቀኝ ክንፍ ጫፍ አረንጓዴ መብራት ይይዛል። ሌሊት ከፊትህ ያለው አውሮፕላን ወደ አንተ እየመጣ ይሁን እየራቀህ የምትለየው በእነዚህ ነው። ከማኮብኮቢያው ጎን የተደረደሩት አራት መብራቶች ሁለቱ ነጭ ሁለቱ ቀይ ሲሆኑ ቁልቁለትህ ልክ ነው፤ አራቱም ቀይ ከሆኑ በጣም ዝቅ ብለሃል። ሬዲዮው ቢበላሽ ደግሞ ታወሩ (የአየር ማረፊያው መቆጣጠሪያ ማማ) የሚያነጋግርህ በብርሃን ነው፦ የማይቋረጥ አረንጓዴ «ማረፍ ትችላለህ»፣ የማይቋረጥ ቀይ «ለሌላ አውሮፕላን ቅድሚያ ስጥና መዞርህን ቀጥል»፣ ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ «ማረፊያው አደገኛ ነው፣ አትረፍ» ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ቀይና አረንጓዴን የሚለይልህ ኮምፒዩተር የለም።

«ጤናዬ እንደ ስፖርተኛ መሆን አለበት፤ አንዴ ካለፍኩ ደግሞ አለፍኩ»

ሁለቱም ስህተት ነው። ምርመራው አንተን ከአትሌት ጋር አያወዳድርም። የሚጠይቀው፣ በረራ ላይ ሳለህ በድንገት ራስህን የሚያስት ወይም ፍርድህን የሚያዛባ ነገር አለብህ ወይ ብሎ ነው። ልብ፣ የሚጥል በሽታ፣ የአእምሮ ጤና፣ ጆሮ፣ ዓይን ይታያሉ። ቀድሞ በሩን ይዘጉ የነበሩ ሕመሞችም ቀስ በቀስ በክትትል ተፈቅደዋል። ኤፍኤኤ እ.ኤ.አ. በ2010 የተወሰኑ የድብርት መድኃኒቶችን የሚወስዱ ፓይለቶች በቅርብ ክትትል እንዲበሩ ፈቀደ። በ2019 ደግሞ ኢንሱሊን የሚወስዱ የስኳር ሕመምተኞች ጥብቅ መስፈርት ካሟሉ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ማረጋገጫ የሚያገኙበትን መንገድ ከፈተ። በእኔ እይታ ከሕመሙ ይልቅ ብዙ ሰው የሚጎዳው በመደበቁ ነው። መታከም የሚቻለውን ነገር ደብቆ ፎርም ላይ «የለብኝም» ብሎ የፈረመ ሰው የሐኪም ጉዳዩን የሕግ ጉዳይ አደረገው።

«አለፍኩ» የሚለውም ቢበዛ አንድ ዓመት ነው። በኢካኦ ደንብ የአንደኛ ክፍል ማረጋገጫ መደበኛ ዕድሜው 12 ወር ሲሆን ለአንዳንድ ሥራና ዕድሜ ወደ 6 ወር ያጥራል፤ በአሜሪካ 40 ዓመት የሞላው ሰው የአንደኛ ክፍል ማረጋገጫውን በየ6 ወሩ ያድሳል። በሁለቱ ምርመራዎች መካከልም ቢሆን ራስህን ማገድ ያንተ ግዴታ ነው። ጉንፋን ትንሽ ነገር ይመስላል፤ የታፈነ ጆሮ ግን አውሮፕላኑ ሲወርድ እንደ ምስማር ይወጋል። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚገዙ አንዳንድ የአለርጂ ክኒኖች እንቅልፍ ስለሚያመጡ በእነሱ መብረር አይፈቀድም።

(መቼም ቦሌ ማረፊያው ራሱ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ነው። የመንገደኛ አውሮፕላን ጓዳ አየር በመደበኛ በረራ ከ2,400 ሜትር ከፍታ ጋር ከሚመጣጠነው እንዳይሳሳ ተደርጎ ይሠራል። ስለዚህ የአዲስ አበባ ልጅ ከተወለደ ጀምሮ ጓዳ ውስጥ ነው ቢባል ብዙ አልተዋሸም።)

«እንደ ፈረንጅ ካልተናገርክ ሬዲዮው ይጥልሃል»

ኢካኦ የፓይለትን የእንግሊዝኛ ችሎታ በስድስት ደረጃ ይመዝናል፤ ለዓለም አቀፍ በረራ ዝቅተኛው 4ኛው ደረጃ ነው። 4ኛ ያገኘ ሰው በየሦስት ዓመቱ፣ 5ኛ ያገኘ በየስድስት ዓመቱ እንደገና ይፈተናል፤ 6ኛ ላይ የደረሰ አይደገምበትም። የሚታዩት ስድስት ነገሮች ናቸው፦ የድምፅ አወጣጥ፣ ሰዋስው፣ የቃላት ሀብት፣ ቅልጥፍና፣ መረዳትና ምላሽ መስጠት። የአፍ መፍቻ ቋንቋህ ቅላጼ በ6ኛ ደረጃም ቢሰማብህ ምንም አይደለም፤ ሰሚውን አለማደናገሩ ብቻ ነው የሚፈለገው።

እንዲያውም ሬዲዮው ለእኛ ያደላል ማለት ይቻላል። በደንቡ መሠረት የእንግሊዝኛው ሦስት ቁጥር «ትሪ» ተብሎ ነው የሚነገረው። አምስት «ፋይፍ»፣ ዘጠኝ «ናይነር» ይባላል፤ በጫጫታ መካከል እንዳይደበላለቁ ታስቦ ነው። ምላስን በጥርስ መካከል አውጣ እየተባልን በትምህርት ቤት ስንታረምበት የኖርነው አነጋገር እዚህ ሕጋዊ ሆኖ ቁጭ ብሏል። በአንጻሩ አፉን በእንግሊዝኛ የፈታው ፈጥኖና በሰፈር ቋንቋ ሲያወራ ችግር የሚሆነው እሱ ነው።

ታዲያ የሚጥለው ምንድን ነው? ትክክለኛውን ቃል በትክክለኛው ሰዓት አለመናገር። እ.ኤ.አ. ጥር 25 ቀን 1990 ከኮሎምቢያ የተነሣው የአቪያንካ 52ኛ በረራ ወደ ኒውዮርክ ሲቃረብ በአየር ሁኔታውና በመጨናነቁ ምክንያት ከአንድ ሰዓት በላይ አየር ላይ እንዲዞር ተደረገ። ካፒቴኑ ድንገተኛ አደጋ መሆኑን እንዲናገር ረዳቱን አዘዘ። ረዳት አብራሪው ግን ለተቆጣጣሪዎቹ ነዳጅ እያለቀባቸው መሆኑንና ቅድሚያ እንደሚፈልጉ ብቻ ነገራቸው። «ሜይዴይ»ም «ኢመርጀንሲ»ም የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። ነዳጁ አለቀ፤ አውሮፕላኑ ሎንግ አይላንድ ላይ ወደቀ፤ በውስጡ ከነበሩት 158 ሰዎች 73ቱ ሞቱ። ሰውየው እንግሊዝኛ አላጣም። ያጣው አንዲቷን ቃል ነው።

ከዚያ ቀድሞ እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1977 በስፔኗ ቴነሪፍ ደሴት የኬኤልኤምና የፓን አም አየር መንገዶች ሁለት ቦይንግ 747ዎች ማኮብኮቢያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች አልቀዋል። ታወሩና የፓን አም ፓይለት በአንድ ቅጽበት በመናገራቸው በኬኤልኤም ኮክፒት ወሳኙ ቃል በፉጨት ተውጦ ነበር። ዛሬ «ቴክ ኦፍ» የምትለው ቃል የመነሻ ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ካልሆነ በቀር በሬዲዮ የማትነሣው ከዚያ በተገኘ ትምህርት ነው። የተሰጠህን ትእዛዝ ቃል በቃል መልሰህ ማንበብም ተቆጣጣሪው ስህተትህን በጆሮው የሚይዝበት ብቸኛ ዕድሉ ስለሆነ እንደ ጨዋነት አትየው።

«የሬዲዮ ላይሰንስ ለብቻው ትልቅ ፈተና አለው»

እንደ አገሩ ነው። እንግሊዝ አገር የቃል ፈተና ያለው ራሱን የቻለ የሬዲዮ ፈቃድ አለ። አሜሪካ ውስጥ ለአገር ውስጥ በረራ ጭራሽ አይጠየቅም፤ ከአገር ውጭ የሚበር ፓይለት ግን ከአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ያለ ፈተና የሚሰጥና ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ፈቃድ ይይዛል።

«ያለ ዲግሪ አይሆንም»፣ «ለሴት ይከብዳል»

አባሪ 1 ለንግድ አብራሪነት ዲግሪ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ቢያንስ 18 ዓመት፣ የጽሑፍና የበረራ ፈተና፣ የበረራ ሰዓትና ጤና ነው። ዲግሪ የሚጠይቅ ካለ ቀጣሪው ነው። ስለ ሴቶች የሚወራው ግን በየትኛውም በር ላይ አልተጻፈም፤ አምሳለ ጓሉ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ከሆነች እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል።

«ላይሰንሱን ከያዝኩ ካፒቴን ነኝ»

የንግድ አብራሪ ፈቃድ ማለት በመብረር ደመወዝ ማግኘት ይፈቀድልሃል ማለት ነው። በኢካኦ ደንብ 200 የበረራ ሰዓት፣ በተፈቀደለት ትምህርት ቤት ተከታታይ ሥልጠና ከወሰድክ 150 ሰዓት ይበቃል፤ አሜሪካ በመደበኛው መንገድ 250 ትጠይቃለች። ፈቃዱ ብቻውን ሩቅ አይወስድም። ለምሳሌ በአሜሪካ ውጭውን ሳያዩ በኮክፒት መሣሪያዎች ብቻ የመብረር ብቃት ካልተጨመረበት በክፍያ መንገደኛ ይዘህ ሌሊት ወይም ከ50 ኖቲካል ማይል በላይ መብረር አትችልም። ትልቁን ጄት ለማብረር በዚያው ዓይነት አውሮፕላን ላይ የተለየ ሥልጠናና ፈተና ይጨመራል፤ ካፒቴን ለመሆን ደግሞ በኢካኦ 1,500 ሰዓት የሚጠይቀው የአየር መንገድ ትራንስፖርት አብራሪ ፈቃድ አለ።

ስለ ሰዓት ከተነሣ፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለረዳት አብራሪም በመደበኛው 1,500 ሰዓት ታስገድዳለች። መነሻው እ.ኤ.አ. በ2009 በኒውዮርክ ግዛት ባፋሎ ከተማ አጠገብ የወደቀው የኮልጋን አየር መንገድ በረራ ነበር፤ የዚያ በረራ ሁለቱም ፓይለቶች ግን ከ1,500 በላይ ነበራቸው። በእኛም በኩል የኢትዮጵያ አየር መንገድ 302ኛ በረራ እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2019 ሲከሰከስ የውጭ ተንታኞች መጀመሪያ የያዙት የረዳት አብራሪውን ሰዓት ማነስ ነበር። ረዳቱ 361 ሰዓት ነበረው፤ ካፒቴኑ ግን ከ8,000 በላይ፤ ሁለቱም ሕጋዊ ፈቃድ ይዘው ነበር። የኢትዮጵያ መርማሪዎች የመጨረሻ ሪፖርት ያመለከተው በተሳሳተ የሴንሰር መረጃ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች የገፋውን ኤምካስ የተባለ ሥርዓት ነው። የሰዓት ቁጥር ልምድን ይለካል እንጂ ሁሉን አይናገርም።

«ያንዱ አገር ፈቃድ በሌላው አገር እንዳለ ይሠራል»

ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ወይም ዳላስ የሄደ ሰው ከዚህ ጋር ይጋጫል። የንግድ ፈቃድ ያለው የውጭ አገር ፓይለት በፈቃዱ መሠረት ብቻ ከኤፍኤኤ የሚያገኘው የግል አብራሪ ፈቃድ ነው። ተከፍሎት ለመብረር የአሜሪካን የጽሑፍና የበረራ ፈተና ይወስዳል። ገና ከመጀመሪያው የሚማር ከሆነ ደግሞ ዜግነት እስካላገኘ ድረስ፣ ግሪን ካርድ ቢኖረውም፣ ሥልጠና ከመጀመሩ በፊት ከትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ማጣሪያ ማለፍ ይጠበቅበታል። በተቃራኒው የአሜሪካ ፈቃድ ይዞ አገሩ ለመሥራት የሚመለስም ወረቀቱን በሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በኩል ማጽደቅ ወይም ማስቀየር አለበት።

«መጀመሪያ ትምህርቱን ልጀምር፣ ሐኪሙ ይደርሳል»

ከአስተማሪ ጋር ተቀምጦ ለመብረር የሕክምና ወረቀት የግድ ስለማይጠየቅ ብዙ ትምህርት ቤት በደስታ ይመዘግብሃል። ወረቀቱ የሚጠየቀው ብቻህን የምትበርበት ቀን ሲመጣ ነው፤ የዚያን ጊዜ ደግሞ ገንዘቡ ወጥቷል። ለመዝናናት የሚበር ሰው በዝቅተኛው ክፍል ማረጋገጫ ማለፉም አያታልልህ፤ በእሱ ተቀጥረህ አትሠራም። የመጀመሪያውን ክፍያ ከመክፈልህ በፊት አንደኛውን ክፍል ምርመራ፣ ባለሥልጣኑ የፈቀደለት የአቪዬሽን ሐኪም ዘንድ ሄደህ ጨርስ። መነጽርህን አትርሳ፤ ሁለተኛውንም ያዝ።