ርካሽ የስኩባ የእጅ ባትሪ አመራረጥ

የስኩባ የእጅ ባትሪ የውኃ ግፊት እንዲችል ተደርጎ የተሠራ፣ ጠላቂው ይዞት የሚወርድ መብራት ነው። ለሌሊት ብቻ የሚያስፈልግ የሚመስላቸው አሉ። ውኃ ግን ከብርሃን ቀለማት ቀድሞ የሚውጠው ቀዩን ነው፤ 10 ሜትር አካባቢ ሲደረስ ስፖንጅ የተባለው የባሕር እንስሳ ቀይ ቢሆንም እንኳ በጠራራ ፀሐይ አመድማ ይመስላል። ባትሪው ከቅርብ ሲበራበት ቅላቱ ባንዴ ይመለሳል።

በሃሎጅን አምፖል ዘመን እነዚህ ባትሪዎች ትልልቅ ነበሩ፤ ድንጋይም ቶሎ ይጨርሱ ነበር። የዛሬውን ርካሽ ብርሃን ያመጡት ኤልኢዲና እ.ኤ.አ. በ1991 ሶኒ ለገበያ ያቀረበው የሊቲየም አዮን ድንጋይ ናቸው። ነጩ ኤልኢዲ የተገኘው ከሰማያዊው ሲሆን፣ የሰማያዊው ፈልሳፊዎች አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመውበታል።

ገዢ በብዛት የሚታለለው በድንጋዩ ነው። የተለመደው 18650 ይባላል፤ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ቁመት ማለት ነው። ደህና የሚባለው 3,500 ሚሊ አምፒር ሰዓት (የድንጋይ አቅም መለኪያ ነው) አካባቢ ይይዛል። ከርካሽ ባትሪ ጋር በስጦታ መልክ የሚመጣው ግን አንዳንዴ 9,900 ተብሎ ይጻፍበታል፤ በዚህ መጠን ያን ያህል የሚይዝ የለም። ሚዛን ላይ ቢቀመጥ ብዙ ጊዜ ይጋለጣል፦ እውነተኛው ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል፣ ሐሰተኛው አንዳንዴ በጣም ይቀላል። ከመጠን በላይ እንዳይሞላ ወይም እንዳይራገፍ የሚጠብቅ መከላከያ ሰርኪዩት ያለው ድንጋይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ስለሚረዝም፣ ክዳኑ ተጠብቆ መዘጋቱ አስቀድሞ ይታይ። ባትሪው ያለ ድንጋይ ተገዝቶ፣ ድንጋዩ ከታመነ ሻጭ ለብቻው ቢገዛ ይሻላል።

ሉመንም ይጋነናል። ሉመን የሚነግረው የወጣውን ጠቅላላ ብርሃን እንጂ የት እንደሚያርፍ አይደለም። 10 ዲግሪ አካባቢ የሆነ ጠባብ ጨረር ሩቅ ይደርሳል፣ ለምልክትም ይመቻል፤ ከ100 ዲግሪ በላይ የሚበተነው ለቪዲዮ ነው። ደፍራሽ ውኃ ውስጥ ሰፊውን ማብራት ጉም ውስጥ የመኪና ረጅም መብራት እንደማብራት ነው፤ ብናኙ ብርሃኑን መልሶ ዓይን ላይ ይረጨዋል። የሚቆይበት ሰዓትም ቢሆን ኤፍኤል 1 በተባለው የአሜሪካ መመዘኛ የሚቆጠረው ብርሃኑ ከመነሻው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ነው።

አይፒኤክስ 8 የሚለው የውኃ መቋቋም ደረጃ ጽሑፍ ብቻውን ለስኩባ ዋስትና አይሆንም፤ ጥልቀቱን የሚወስነው አምራቹ ነውና በሜትር ተጽፎ መገኘት አለበት። ለመዝናኛ የሚጠልቅ ሰው ወሰኑ 40 ሜትር ነው፣ 100 ሜትር የተባለለት ባትሪ በቂ ትርፍ አለው።

ማብሪያው ያከራክራል። የማግኔቱ ሰውነቱን ስለማይበሳ ውኃ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም፤ አሸዋ ሲገባበት ግን ይጣበቃል፣ ኮምፓስንም ሊያሳስት ይችላል። ጭንቅላቱ ተጠምዝዞ የሚበራው ውኃ የሚከለክለውን የጎማ ቀለበት፣ ኦሪንጉን፣ ቶሎ ይጨርሳል የሚሉ አሉ። ያም ሆኖ ቀላሉና አስተማማኙ እርሱ ነው።

ኦሪንጉ ሁለት ቢሆን ይመረጣል። በጣት ጫፍ እየተዳሰሰ ይጠረጋል፣ ስስ ግራሶ ይቀባል። ግራሶው የሲሊኮን፣ ቀለበቱም የሲሊኮን ከሆነ ግን ቀለበቱ ያብጣል። አንዲት ፀጉር ከሥሩ ከተጋደመች ውኃ ታስገባለች።

የዋሻ ጠላቂዎች፣ በዚህ ሙያ ጥንቁቆቹ፣ እያንዳንዳቸው ሦስት መብራት ይዘው ይገባሉ፦ አንድ ዋና፣ ሁለት መጠባበቂያ። በሌሊት ለሚጠልቅም ከአንድ ውድ ሁለት ርካሽ ይሻለዋል። በአውሮፕላን ሲጓዙ ትርፍ ድንጋዮች የሚያዙት በእጅ ሻንጣ ነው። ውኃ የገባበት ባትሪ ውስጡ ጋዝ ሊታመቅ ስለሚችል፣ ክዳኑ ከፊት ዞር ተደርጎ ቀስ እያለ ይከፈታል።