ዶፓሚንን የሚጨምሩና የሚያግዱ መድኃኒቶች፦ ለወሎ አንባቢ

ዶፓሚን የአንጎል ህዋሳት መልእክት የሚለዋወጡበት ኬሚካል ነው። በእሱ ላይ የሚሠሩት መድኃኒቶች ሁለት ወገን ናቸው። አንዱ ይጨምረዋል፣ ሌላው ሥራውን ያግዳል። የትኛውን እንደሚወስዱ ማወቅ ከሁሉ ይቀድማል።

የሚጨምሩት በዋናነት ለፓርኪንሰን ህመም ናቸው። ደሴም ይሁን ወረኢሉ፣ የአዛውንት እጅ ሲንቀጠቀጥ፣ እርምጃቸው ሲያጥር፣ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅታቸው «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል። በፓርኪንሰን ምክንያት ዶፓሚን የሚያመነጩት የአንጎል ህዋሳት እየሞቱ ሊሆን ግን ይችላል። ዶፓሚን ራሱ ከደም ወደ አንጎል አያልፍም። ሌቮዶፓ የተባለው መድኃኒት ግን ያልፍና እዚያ ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በመድኃኒት የደነዘዙ ጥንቸሎችን በሌቮዶፓ አነቃ፤ በ2000 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ሆነ። ከሌቮዶፓ ጋር አብሮ የሚሰጠው ካርቢዶፓ ሌቮዶፓው አንጎል ሳይደርስ እንዳይባክን ያደርጋል፤ ማቅለሽለሹንም ይቀንሳል።

ለወሎ ሰው ከሁሉ የሚያሳስበኝ የምግብና የጾም ነገር ነው። ፕሮቲን ከሌቮዶፓ ጋር ይሻማል። ሥጋ ብቻ አይደለም፤ የጾሙ ሽሮም ፕሮቲን አለው። ስለዚህ ክኒኑን ከምግብ ቢያንስ 30 ደቂቃ በፊት መዋጥ ይመረጣል። በረመዳን የቀኑን ክኒን ዘሎ ማታ ደርቦ መውሰድ ግን አይገባም። ሰዓቱን ጾሙ ሳይገባ ከሐኪም ጋር ማስተካከል ነው። ጸበልም ሆነ ዱዓ ክኒኑን አያስቆምም፤ በድንገት ሲቋረጥ ከፍተኛ ትኩሳትና የሰውነት መገተር ሊያመጣ ይችላል። የደጋው እሸት ባቄላም ሌቮዶፓ አለው፤ መጠኑ ግን ስለሚለያይ ክኒኑን አይተካም።

ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን ከሚያግዱት ወገን ናቸው። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ለሚሰማ፣ ሰው ሁሉ ጠላቱ ለሚመስለው ታማሚ ይታዘዛሉ፤ ብዙዎችንም ወደ ቤታቸውና ወደ ሥራቸው መልሰዋል። አንዳንዱን ግን ፓርኪንሰን እንደያዘው ያንቀጠቅጡታል፣ ያገትሩታል። ቤተሰብ «መድኃኒቱ አደነዘዘው» ብሎ ያስቆመዋል፤ ህመሙም ያገረሻል። መጠኑን መቀነስ ወይም መድኃኒቱን መቀየር ስለሚቻል ለሐኪሙ መንገር ይሻላል።

ለማስታወክ የሚታዘዘው ሜቶክሎፕራማይድም ዶፓሚንን ያግዳል፤ ፓርኪንሰን ያለበትን ሰው ህመም ያባብሳል። ፋርማሲ ሲሄዱ የሚወስዱትን ክኒን ማሸጊያ ይዘው ይሂዱ። ለእንዲህ ዓይነቱ ታማሚ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሚመርጡት ወደ አንጎል እምብዛም የማይገባውን ዶምፔሪዶንን ነው፤ እሱንም የልብ ሁኔታውን አይተው።