«ደረጃ 3 (4)» የተባለ ወንዝ ምን ዓይነት ነው?

በጎማ ጀልባ የሚወረድ ወንዝ ከ1 እስከ 6 ደረጃ ይሰጠዋል። ቁጥሩ የሚናገረው ውሃው የሚናጥባቸው ቦታዎች ምን ያህል እንደሚያስቸግሩ ብቻ ነው፤ የኦሞ አዞና ጉማሬ እዚህ ውስጥ አልተቆጠሩም።

«3 (4)» ማለት መንገዱ በአብዛኛው 3 ሆኖ ቢያንስ አንድ ቦታ 4 አለው ማለት ነው። አማካይ እንዳይመስላችሁ! 4ን የማይችል ቡድን እዚያ ሲደርስ ወርዶ በዳርቻው በእግር ማለፍ አለበት። ግራና ቀኙ ገደል ከሆነ ግን መውረጃ የለም፤ ይህን ሳትነሱ አስጎብኚውን ጠይቁ።

ትርጉሙ ይኸው ነው። የሚለዋወጠው ቁጥሩ ራሱ ነው፦ በነሐሴ የሞላ ወንዝና በጥቅምት የጎደለው እኩል አይከብዱም። ውሃው ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ከሆነ ወይም ጉዞው ከመንደር ርቆ ቀናት የሚፈጅ ከሆነ፣ ብዙዎች አንድ ደረጃ ጨምረው ያቅዳሉ።