ጆን ኩሪ፦ የባሌ ዳንስን ወደ በረዶ ያወጣው ሻምፒዮን

ጆን ኩሪ በ1976 በኢንስብሩክ የክረምት ኦሊምፒክ በወንዶች ፊገር ስኬቲንግ (ስለት ባለው ጫማ በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ የሚዘሉበትና የሚሽከረከሩበት ስፖርት) ወርቅ ያጠለቀ እንግሊዛዊ ነው፤ በዚህ ዘርፍ ከብሪታንያ ወንዶች የቀደመው የለም። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የተወለደው በ1949 በርሚንግሃም ነው። ልጅ ሳለ ልቡ ዳንስ ላይ ነበር። አባቱ ግን ለወንድ ልጅ አይሆንም ብለው ከለከሉት። ስኬቲንግን ስፖርት ነው ብለው ስለፈቀዱለት በ7 ዓመቱ ጀመረ፤ የከለከሉት ነገር ጫማ ቀይሮ እንደመጣ ልብ አላሉም።

ኩሪ ወርቅ ባገኘበት በ1976 የአሸናፊው ነጥብ 30 በመቶ የሚመጣው ተመልካች እምብዛም ከማያየው የግዴታ ቅርጽ ነበር፤ በሙዚቃ የሚሠሩት ሁለቱ፣ አጭሩ ውድድር 20፣ ረጅሙ ወይም ነጻው ደግሞ 50 በመቶ ይይዙ ነበር። በግዴታው (ከ1990 በኋላ ከዓለም አቀፍ ውድድር ቀርቷል) ስኬተሩ በአንድ እግር ቆሞ፣ ዲያሜትሩ የቁመቱን ሦስት እጥፍ ያህል የሆነ ክብ ዞሮ ወደ መነሻው ይመለሳል፤ እግር ቀይሮ ሁለተኛውን ክብ ይዞራል፤ ስምንት ቁጥር ይወጣዋል። ከዚያ በዚያው ጭረት ላይ ይደግመዋል። ዳኞች በረዶው ላይ ጎንበስ ብለው ጭረቱን ይመረምራሉ። የጫማው ስለት መሃሉ ጎድጎድ ያለ፣ ግራና ቀኝ ጠርዝ ያለው ነው፤ በትክክል ያዘነበለ ሰው አንድ ቀጭን ጭረት ብቻ ይተዋል። ክብደቱ ወደ መሃል ከመጣ ሁለቱም ጠርዞች ይነኩና ሁለት ጎን ለጎን የሄዱ ጭረቶች ይታያሉ፤ ነጥብ ይቀነሳል። ትከሻው ከቀደመም ክቡ ይጠብና ድግግሞሹ ከመጀመሪያው ጭረት ጋር አይገጥምም። ካናዳዊው ቶለር ክራንስተን በነጻው ውድድር አፍ የሚያስከፍት ሰው ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው እዚህ ነበር።

ኩሪ በ1972 በጃፓን በሳፖሮ ኦሊምፒክ 11ኛ ነበር የወጣው። ኋላ አንድ ሀብታም አሜሪካዊ ወጪውን ችሎለት አሜሪካ ገባ፤ አሠልጣኙ ጉስ ሉሲ ዝላዩን ከመሠረቱ አስተካከለለት፣ ካርሎ ፋሲም በኮሎራዶ አሠለጠነው። የሚዘልበትና የሚሽከረከርበት አቅጣጫ ተቃራኒ ነበር፤ ይህ በስኬተሮች ዘንድ እምብዛም አይታይም። በ1975 የዓለም ነሐስ አገኘ። በ1976 የአውሮፓን፣ የኦሊምፒክንና የዓለምን ሻምፒዮናነት በአንድ ወቅት ጠቀለላቸው። ነጻ ውድድሩን የሠራው የሙዚቃ ደራሲው ሚንኩስ ለዶን ኪሆቴ የባሌ ዳንስ በጻፈው ሙዚቃ ነው።

በዚያው ሰሞን፣ አይወጣም ብሎ ለአንድ ጋዜጠኛ የተናገረው ታትሞ ዓለም የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ መሆኑን አወቀ። ኩሪም አላስተባበለም። በእንግሊዝ ይህ ለአዋቂዎች በግል ወንጀል መሆኑ የቀረው በ1967፣ ገና ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ ነበር። እንዲያም ሆኖ የዓመቱን የቢቢሲ የስፖርት ሰው ሽልማት ወሰደ።

ከውድድር ወጥቶ ልጅነት የነፈገውን ሠራ፦ የበረዶ ዳንስ ቡድን። ትዋይላ ታርፕንና ኬኔት ማክሚላንን የመሳሰሉ የዳንስ ሰዎች ሥራ አዘጋጁለት። በ1984 ቡድኑ በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ሃውስ ቀረበ። ቡድኑን የፈተነው ጥበቡ ሳይሆን ገንዘብ ነው፤ በረዶ፣ ማቀዝቀዣና ኦርኬስትራ በቲኬት ሽያጭ ብቻ አይቻሉም።

በ1987 ኤች አይ ቪ እንዳለበት አወቀ። ወደ እንግሊዝ ተመልሶ በ1992 በሽታውን በይፋ ተናገረ። ሚያዝያ 1994 በ44 ዓመቱ አረፈ።