ባርት መቼ ተወለደ? የ«ዘ ሲምፕሰንስ» ዘጠናዎቹ ከጅማ ሲታዩ

«ዛት ናይንቲስ ሾው» የአሜሪካው የካርቱን ሲትኮም «ዘ ሲምፕሰንስ» የ19ኛው ሲዝን 11ኛ ክፍል ነው። ጸሐፊው ማት ሴልማን፣ ዳይሬክተሩ ማርክ ኪርክላንድ ናቸው። በፎክስ ቴሌቪዥን የታየው ጃንዋሪ 27 ቀን 2008 ነው። በእኛ ጥር 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ይሆናል፤ ሚሊኒየሙን ባከበርንበት ዓመት ማለት ነው።

ርዕሱ («ያ የዘጠናዎቹ ትርዒት» ማለት ነው) ገና ከጅምሩ የጅማን ተመልካች ያሳስታል። እዚህ «ዘጠናዎቹ» ሲባል ሰው የሚያስበው በእኛ አቆጣጠር ያሉትን 1990ዎቹን ነው። የካርቱኑ ዘጠናዎቹ ግን ከ1982 እስከ 1992 ዓ.ም. ያሉት ናቸው። ደርግ የወደቀው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። በመጨረሻዎቹ ደግሞ የጅማ እርሻ ኮሌጅና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተዋህደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆነዋል። ይህን ካሰላሁ በኋላ ክፍሉን ይበልጥ ወደድኩት። ታሪኩም ዩኒቨርሲቲ ስለገባች ወጣት ነው።

የሲምፕሰን ቤተሰብ ልጆች ባርትና ሊሳ የእናታቸውን የማርጅን የስፕሪንግፊልድ ዩኒቨርሲቲ ዲፕሎማ ያገኛሉ። ወላጆቻቸው የድሮውን ያወሩላቸው ጀመር። የልጆቹ አባት ሆመር በራሱ አባት ዘንድ ተቀጥሮ የማርጅን የትምህርት ክፍያ ይሸፍን ነበር። እሷ ግን ልቧ ወደ ፕሮፌሰሯ ሄደ። ሆመር በንዴትና በሐዘን «ሳድጋዝም» የሚባል ባንድ አቋቁሞ ግራንጅ መዝፈን ጀመረ። ግራንጅ በሲያትል አካባቢ ያደገ፣ ጊታሩ የሚያጓራ፣ ግጥሙ ብሶት የበዛበት የሮክ ዓይነት ነው።

ክፍሉ ስለሌሎች ሥራዎች በሚያነሳቸው ነገሮች የተሞላ ነው። ርዕሱ የተወሰደው ስለ ሰባዎቹ ከተሠራው «ዛት ሰቨንቲስ ሾው» ነው። «ማርጀሪን» የሚለው የሆመር ዘፈን የቡሽ ባንድ «ግሊሰሪን» ቀልዳዊ ቅጂ ነው፤ የማርጅን ስም ከማርጋሪን ጋር ያጋጨዋል። ይሄ እንኳ እኛ ጋም ያለ ትርጉም ይገባል። ከሁሉ የሚጥመኝ የስልኩ ትዕይንት ነው። ማርቪን የሚባል ሰው ሆመር ሲዘፍን ሰምቶ ለዘመዱ፣ ለኒርቫና ባንድ ዘፋኝ ለከርት ኮቤይን ይደውልና ሙዚቃውን ያሰማዋል። ይህ በቀጥታ የ1985ቱን (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) «ባክ ቱ ዘ ፊውቸር» የሚባል ፊልም የሚያስታውስ ነው። እዚያ ማርቪን ቤሪ የሚደውለው ለዘመዱ፣ ለሮክ ዘፋኙ ለቸክ ቤሪ ነው። ያንን ፊልም ያላየ ሰው ግን ትዕይንቱን እንደ ተራ ስልክ ያልፈዋል። እኔም መጀመሪያ ስመለከት አልፌው ነበር። ታናሽ ወንድሜ ፊልሙን በፍላሽ አስጭኖ ካሳየኝ በኋላ ነው የገባኝ።

በዘፈን ፓሮዲ የታወቀው ዊርድ አል ያንኮቪችም ራሱን ሆኖ በድምፁ ይሳተፋል። በእውነተኛው ዓለም በ1992 የኒርቫናን ዘፈን አስመስሎ ቀልዷል። እዚህ ደግሞ ሌላ የሆመርን ዘፈን ያስመስላል። ያ ዘፈን ራሱ የኒርቫና አምሳያ ስለሆነ ቀልዱ ድርብ ነው።

የመርፌው ትዕይንት ስሜቱ ጠንከር ይላል። ማርጅ ሆመርን በመርፌ ስታገኘው አደንዛዥ ዕፅ ይመስላታል። የኮቤይንን የዕፅ ሱስ የሚያውቅ ሰው እዚህ ጋ ልቡ ይደነግጣል። መርፌው ግን ኢንሱሊን ነው። ሆመር ፍራፑቺኖ የሚባል ስኳርና ክሬም የበዛበት ቀዝቃዛ ቡና እየጠጣ ስኳር በሽታ ይዞታል። ለጅማ ሰው ይህ ነገር የሚከብድ ነው። የቡና መገኛ የምትባለው ጮጬ ያለችው እዚሁ ጎማ ወረዳ ነው፤ ቡና ሰው ሲያሳምም ማየት አልለመድንም።

አሁን ክፍሉ ከቀደሙት ክፍሎች ጋር ወደሚጣረስበት ነገር እንምጣ። በ1991 የታየው «ዘ ዌይ ዊ ዎዝ» የሚባለው የዚሁ ካርቱን ክፍል ሆመርና ማርጅ የተዋወቁት በ1974፣ ሃይስኩል ሊጨርሱ ሲሉ ነው ይላል። በዚያው ዓመት የታየ ሌላ ክፍል ማርጅ ባርትን ያረገዘችው በ1980 መሆኑን ያሳያል። ሊሳ የተወለደችው በ1984ቱ ኦሎምፒክ ጊዜ ነው ተብሏል። «ዛት ናይንቲስ ሾው» ይህን ሁሉ ይተዋል፤ በዘጠናዎቹ ሁለቱ ገና ልጅ አልወለዱም። ሆመር ከዚያ በፊትም፣ በ1985፣ ዝነኛ ዘፋኝ ሆኖ እንደነበር ሌላ ክፍል ተርኳል። በክፍሉ ውስጥም ዓመታቱ ይደበላለቃሉ። ኒርቫና የገነነው በ1991 ነው። «ግሊሰሪን» በነጠላ የወጣው ግን በ1995፣ ኮቤይን ካረፈ ከዓመት በኋላ ነው።

ብዙ የቆዩ ተመልካቾች በዚህ ተቆጥተዋል። ንዴታቸው ይገባኛል፤ የሃይስኩሉ ፍቅር ያደጉበት ታሪክ ነው። እኔ ግን ስህተት ብዬ አልጠራውም። ባርት ከ1989 ጀምሮ 10 ዓመቱ ነው። በ2008 የ10 ዓመት ልጅ ከሆነ በ1998 መወለድ አለበት። ልጁ ካላደገ የወላጆቹ ወጣትነት ወደፊት መገፋቱ የግድ ነው። በ2021 የታየ ክፍልም ይህንኑ መንገድ ይዟል፤ እዚያ ሆመር በዘጠናዎቹ ገና የ14 ዓመት ልጅ ነው።

ክፍሉን ለማየት ያሰበ ሰው ቀድሞ «ዘ ዌይ ዊ ዎዝ»ን ቢያይ ጥሩ ነው። እያንዳንዳቸው ግማሽ ሰዓት አይሞሉም፤ ቡናው ሦስተኛው ላይ ሳይደርስ ያልቃሉ።